ቃለ ጉባኤውን ተዉት፤ በሩን ክፈቱ

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ማግሥት አገሩ ሁሉ ጣት መቀሰር ይጀምራል። ወላጅ መምህሩን ይወቅሳል። መምህሩ ከታች ክፍል ሳይበቃ የመጣውን ተማሪ ይወቅሳል። ርዕሰ መምህሩ ወረዳውን፣ ወረዳው ክልሉን፣ ሁሉም በአንድነት ደግሞ ዘመኑን ይወቅሳሉ። ጩኸቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆይና ይበርዳል። መስከረም ሲጠባ ያው ትምህርት ቤት በዚያው አሠራር ይቀጥላል፤ በዓመቱ ያው ውጤት ይመጣና ያው ወቀሳ ይደገማል።

ቁጥሮቹን እናስታውሳቸው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ገመናችን አደባባይ ወጥቷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተቀምጠው 27,267 ብቻ አለፉ፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ እያደገ ነው ብለን እናጨብጭብ? ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ወድቀው?

እኔን ግን ከሁሉም በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ቁጥር ነው። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 1,363 ሆኑ። አንድም! በአንድ ትምህርት ቤት አንድ ሰነፍ መምህር ሊኖር ይችላል፤ ሁለትና ሦስትም ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ ትምህርት ቤት አራት ዓመት ካስተማራቸው ልጆች መካከል አንዱን እንኳ ማሳለፍ ሲያቅተው ግን ጥፋቱ የአንድ መምህር ስንፍና ሊሆን አይችልም። እዚያ ግቢ ውስጥ መምህራን አሉ፤ የመምህራን ቡድን ግን የለም። እያንዳንዱ በየክፍሉ ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ የራሱን ያስተምራል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል። ልጁ ግን የሁሉንም ድምር ይዞ ነው ፈተና የሚቀመጠው።

የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ስለዚህ በሒሳብ ላስረዳ። የተፈታኙ ውጤት ድምር ነው፤ የትምህርቶቹ ሁሉ ድምር። ጎበዝ የፊዚክስ መምህር ብቻውን ተማሪ ማሳለፍ አይችልም። ስለ ቬክተር ሊያስተምር ሲነሳ ሳይንና ኮሳይን ያስፈልጉታል። እነሱን የሚያስተምረው የሒሳብ መምህሩ ነው። ምዕራፉ ላይ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? የፊዚክስ መምህሩ አያውቅም። የባዮሎጂ መምህሯ ደግሞ የምታስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ልጆቿ ያልገባቸው ባዮሎጂው ይሁን ቋንቋው መለየት ቸግሯታል። በአጠገቧ ያለው የእንግሊዝኛ መምህር በዚያው ሳምንት ከባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ለንባብ ቢያቀርብ ግማሹ ችግር ይቃለል ነበር። አይጠይቅም፤ እሷም አትነግረውም። ሁለቱ በየዕለቱ ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ሁለቱም ስለሚያስተምሩት ስለዚያ ልጅ ግን አንድ ቃል አይለዋወጡም።

ይህን ስል ባልደረቦቼን ለመዝለፍ አይደለም። የሚነጋገሩበት ጊዜ ማን ሰጣቸው? የአንዱ ትርፍ ሰዓት የሌላው የማስተማሪያ ሰዓት ነው። አንዱ በጠዋቱ ፈረቃ፣ ሌላው በከሰዓቱ ነው። ትምህርት ቤቶቻችንን የሠራናቸው መምህር ከመምህር እንዳይገናኝ አድርገን ነው፤ ከዚያ ደግሞ «ለምን አትተባበሩም?» እያልን በስብሰባ እንገሥጻቸዋለን።

ትብብር ሲሠራ ምን እንደሚመስል በዓይኔ ስላየሁት ልንገራችሁ። በአንድ ትምህርት ቤት አራት የሒሳብ መምህራን 9ኛ ክፍልን ተከፋፍለን እናስተምር ነበር። የማርክ ማስገቢያው ቀን ስለደረሰ ሁላችንም በመምህራን ማረፊያው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የፈተና ወረቀት ማረም ያዝን። አንዱ ጥያቄ ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ያለበት ነበር፤ ከአስር ላይ «ኤክስ ሲቀነስ ሦስት» የሚል ቅንፍ መቀነስ። የሦስታችን ተማሪዎች በብዛት አንድ ዓይነት ስህተት ሠርተዋል፦ ቅንፉን ሲያፈርሱ የሦስቱን ምልክት ሳይቀይሩ ትተውታል። የ9ኛ መ ልጆች ግን በአብዛኛው በትክክል ሠርተውታል። ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ባይቀመጡ ኖሮ ይህን ማንም አያስተውልም ነበር።

ከመካከላችን አንጋፋው መምህር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ የ9ኛ መ መምህርትን «እስኪ የኔ ልጅ፣ ይቺን ነገር እንዴት ነው የምታስተምሪያት?» አላት። ተነሥታ ቾክ ያዘች። ሕጉን ቀድማ እንደማትነግራቸው ነገረችን። ልጆቹ በኤክስ ቦታ አምስት ከተው ሁለቱንም መንገድ እንዲያሰሉ ታደርጋለች። ቅንፉን መጀመሪያ ያሰላ ስምንት ያገኛል፤ ምልክቱን ሳይቀይር ያፈረሰ ሁለት ያገኛል። «ስምንትና ሁለት እንዴት እኩል ይሆናሉ?» ትላቸዋለች። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይከራከራል። ሕጉን በመጨረሻ ራሳቸው ያወጡታል። ራሳቸው ያወጡትን ሕግ ደግሞ አይረሱትም። በማግሥቱ ሁላችንም በዚያው መንገድ ደግመን አስተማርነው፤ በሚቀጥለው ፈተና ያ ስህተት ከአብዛኛው ወረቀት ላይ ጠፋ። በጀት አላስፈለገም። ሥልጠና፣ አበል፣ ፕሮጀክተር አላስፈለገም። ያስፈለገው አራት መምህራን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጣቸው ነበር፤ እሱም የሆነው የማርክ ማስገቢያ ቀን ስለጠበበብን እንጂ ማንም አስቦበት አልነበረም። መላው ከግድግዳው ማዶ እያለ፣ ከግድግዳው ወዲህ ያለው ልጅ በዕድል ነው ያገኘው። የልጅ ዕጣ ፈንታ በእንዲህ ዓይነት አጋጣሚ ይወሰናል?

«ይህ የአንድ ትምህርት ቤት ወግ ነው» የሚል ካለ ጥናቱን ይመልከት። ተመራማሪው ማቲው ሮንፌልትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ማያሚ-ዴድ አውራጃ በ336 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ከ9 ሺህ በላይ መምህራንን በሁለት ዓመት መረጃ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2015 ያገኙትን አሳትመዋል። መምህራን በደንብ በሚተባበሩባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች የሒሳብና የንባብ ውጤት ይበልጥ ያድጋል። መምህራኑ ራሳቸውም በሙያቸው ቶሎ ቶሎ ይሻሻላሉ። በተለይ ስለ ምዘና፣ ማለትም ተማሪው ምን እንዳወቀና ምን እንደሳተ፣ አብረው መነጋገራቸው ከውጤት ጋር ጎልቶ የተያያዘ ነበር። በዚያው በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት ደግሞ ተመራማሪው ጆን ፓፔይና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አደረጉ። በአንድ ክህሎት ደከም ያለ ምዘና ያገኘን መምህር እዚያው ትምህርት ቤት በዚያው ክህሎት ከበረታ ባልደረባው ጋር አጣመሩ። የተማሪዎች ውጤት ከፍ አለ፤ ዕድገቱም በዋናነት የታየው በደከሙት መምህራን ክፍል ነበር። አስተውሉ፤ ደካማውን አላባረሩትም፤ በስብሰባም አላዋረዱትም፤ ከጎበዝ ባልደረባው አጠገብ አስቀመጡት። ያደረጉት ይህን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «እኛም እኮ አለን» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አዎ፣ በወረቀት አለን። ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚባል ሥርዓት አለን፤ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሳተፍ መመሪያው ያዛል። ጎረቤት ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል አለን። አዲስ መምህር ከነባር ጋር የሚጣመርበት የሙያ ትውውቅ አለን። መምህራንን በትናንሽ ቡድን ያደራጀ የአንድ ለአምስት አደረጃጀትም ነበረን። ሐሳቡ ሲነደፍ መልካም ነበር፤ ማንም አይክደውም። አሁን ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ፋይል አውርዱና ግለጡት። ዕቅዱ ከአምናው ተገልብጦ ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» የሚል አጀንዳ ሰፍሯል። ከሥሩ «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ተግተን ለመሥራት በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ይላል። ፊርማ ተደርድሯል። ስብሰባው ግን አልተካሄደም! ሱፐርቫይዘር ነገ ይመጣል ስለተባለ አንድ መምህር ትርፍ ሰዓቱን ሠውቶ የስድስት ሳምንት ቃለ ጉባኤ በአንድ ብዕር ሲጽፍ አይቻለሁ። ሱፐርቫይዘሩ መጣ፣ ፋይሉን ገለጠ፣ ቼክሊስቱ ላይ ራይት አደረገ፣ ሄደ። ክፍል ግን አልገባም፤ የአንድ ተማሪ ደብተር አልገለጠም። ሪፖርቱ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ወጣ። እዚያ ላይ ሲደርስ የመምህራን ትብብር በመቶኛ ተሰልቶ «አፈጻጸሙ ከፍተኛ» ተባለ። ያንን ከፍተኛ አፈጻጸም ፈተናው በዜሮ መለሰው።

ይህ ውሸት ነው። ውሸት ብቻም አይደለም፤ ጉዳት ነው። መምህሩን «ትብብር» የሚለው ቃል ሲነሳ ፊቱን እንዲያጨማድድ ያደረገው ይኸው ነው። የትምህርት ምሁሩ አንዲ ሃርግሪቭስ ከላይ በትእዛዝ የሚጫን ትብብር እውነተኛውን እንደሚገድለው ከሠላሳ ዓመት በፊት አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ደግሞ ትእዛዝ ብቻ አልጨመርንበትም፤ ፖለቲካም ጨመርንበት። አንድ ለአምስቱ ስለ ክፍልፋይና ስለ ሰዋስው መነጋገሪያ መሆኑ ቀርቶ ማን ምን አለ የሚባልበት ሆነ። መምህር የማያምነው ባልደረባ ፊት «ይህን ምዕራፍ ማስተማር አቅቶኛል» ብሎ አፉን አይከፍትም። አለመቻልን መናገር በምዘና ነጥብ የሚያስቀንስ ከሆነ ሁሉም «ችያለሁ» ይላል፤ ሁሉም «ችያለሁ» ባለበት ቤት ደግሞ የሚማር ሰው የለም።

መምህር በመምህር ፊት መታየቱ ለእኛ እንግዳ ነገር ሆኖ አይደለም። የቤተ ክህነቱ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የዘለቀ ሊቅ ወደ ምስክር ቤቱ ወደ ቤተልሔም ወርዶ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለውን ዜማ ያወቀ ወደ ዙር አምባ ሄዶ፣ በሊቃውንት ፊት ያስመሰክር ነበር። እኔ አውቃለሁ ማለቱ ብቻ ወንበር አያሰጠውም። እውቀቱ በሙያው ባልደረቦች ጆሮ ተመዝኖ፣ ታርሞ፣ ተቃንቶ ነው ወደ ተማሪ የሚደርሰው። ለዚህም ነው ዜማው በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን የተሻገረው። ያ ሊቅ በባልደረባው ጆሮ መታረሙን እንደ ውርደት አልቆጠረውም፤ ክብሩ ነበር። የዘመናዊ ትምህርት ቤት መምህር ግን ከኮሌጅ ወጥቶ ጡረታ እስኪወጣ ሲያስተምር ያየው ባልደረባ ላይኖር ይችላል። የሚያየው ፎርም የያዘ ኃላፊ ነው፤ እሱም ሊመዝነው እንጂ ሊማርበት አይመጣም።

ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ ያዳበሩት የጋራ ትምህርት ጥናት የሚባል ልማድ አላቸው። መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያቅዳሉ። አንዱ ያስተምራል፤ ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ያያሉ። የሚያዩት መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን ነው፤ የትኛው ልጅ የት ላይ ተደናገረ፣ የትኛው ጥያቄ አነቃው፣ የትኛው ምሳሌ አሳሳተው። ከክፍል ወጥተው ይወያያሉ፤ ትምህርቱን ያርማሉ፤ ሌላው በሌላ ክፍል ያስተምረዋል። «ጃፓን ሀብታም ናት» እንዳትሉ። ዛምቢያ ይህንኑ አሠራር በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ በጃይካ፣ እገዛ እ.ኤ.አ. በ2005 በማዕከላዊ ክፍለ ሀገሯ ጀምራ ወደ ሌሎች ክፍለ ሀገሮች አስፋፍታዋለች። ዛምቢያም እንደኛው የታጨቀ ክፍል አላት፤ እንደኛው መጽሐፍ ያጥራታል። ልዩነቱ መምህራኖቿ በሥራ ሰዓታቸው ስለ ሥራቸው እንዲነጋገሩ መፍቀዷ ነው።

አሁን ደግሞ ትልቁን ተቃውሞ ልጋፈጠው። «መምህሩ ደመወዙ ወር አያደርሰውም። ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆበታል። ማታ ለማስጠናት ይሮጣል። ትብብር የምትለው ለጠገበ ነው።» ደመወዙ አይበቃም፤ እውነት ነው፤ ይህ ሊስተካከል የሚገባው ግፍ ነው። ሰማንያ ልጅም እውነት ነው። ነገር ግን ትብብር ከሥራ ሰዓት ውጪ በነጻ የሚጨመር ሸክም ይሁን ያለው ማነው? እኔ የምለው በተከፈለበት ሰዓት ውስጥ ይግባ ነው። ደግሞም ሥራ የሚያበዛው ብቸኝነቱ ነው። አራት መምህራን አንድ ዓይነት ማስታወሻ አራት ጊዜ ይጽፋሉ፤ አንድ ዓይነት ፈተና አራት ጊዜ ያወጣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው። ቢከፋፈሉት እያንዳንዱ ሩብ ሥራ ይሠራል፤ ጥራቱም የአራት ጭንቅላት ይሆናል።

አንድ የማንደፍረውን ጉዳይም ላንሳ። ጥሩ ማስታወሻውን፣ ጥሩ የጥያቄ ስብስቡን ከባልደረባው ደብቆ ለማታ ማስጠኛ የሚያስቀምጥ መምህር አለ። ያ መምህር ኑሮ እንዳስጨነቀው አውቃለሁ፤ ሆኖም የደበቀው መላ የወላጁ ኪስ ለማይችል ልጅ መቼም አይደርሰውም። ይህንን ስስት የምናባብሰው እኛው ነን። በየዓመቱ አንድ «ኮከብ መምህር» መርጠን ሰርተፍኬት እንሰጣለን። የቀረው ሁሉ ኮከብ አይደለም ማለት ነው? መምህርን ከመምህር የምታወዳድር ትምህርት ቤት መላውን ለባልደረባው የሚያካፍል መምህር አታፈራም። ሽልማት ካለ ለትምህርት ክፍሉ ይሁን። የሒሳብ ክፍሉ ተባብሮ የሁሉንም ክፍል ውጤት ካሳደገ ሁሉም ይሸለሙ። ያኔ ጎበዙ የደከመውን ባልደረባውን ማገዙ ጥቅሙ ይሆናል።

ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ደግሞ ዘንድሮ ሊደረግ የሚችል ነው።

ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች ሆይ፤ በሳምንት አንድ የጋራ ክፍለ ጊዜ በፕሮግራሙ ላይ በግዴታ ይግባ። አንድ ትምህርት የሚያስተምሩ ሁሉ በዚያ ሰዓት ነጻ ይሁኑ፤ ሰዓቱም እንደ ማስተማሪያ ክፍለ ጊዜ ይቆጠርላቸው። በለውጡ ቃለ ጉባኤ አትጠይቁ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ይሁን፦ በዚህ ሳምንት የትኛውን የተማሪ ስህተት አያችሁ? ምን ለወጣችሁ?

ሱፐርቫይዘሮች ሆይ፤ ፋይል መግለጥ ይብቃችሁ። ክፍል ግቡ፤ ደብተር ግለጡ። በአንዱ ትምህርት ቤት ያያችሁትን ጥሩ አሠራር ለጎረቤቱ አድርሱ። የጉድኝት ማዕከል የተቋቋመው ለዚህ ነው።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፤ ክፍሉን የሚከፍት መምህር በከፈተው በር እንዳይመታ ዋስትና ስጡት። ባልደረባ ያየው ድክመት ወደ ምዘና ነጥብ አይሂድ። አዲሱን መምህር ማንም የማይፈልገው ክፍል ላይ ብቻውን አትጣሉት፤ ካንጋፋው ጎን አስቀምጡት። አንጋፋውም ከወጣቱ ይማር።

ወላጆች ሆይ፤ ወላጅ ስብሰባ ላይ ስለ ዩኒፎርምና ስለ መዋጮ ብቻ ሲወራ እሺ ብላችሁ አትውጡ። «የልጄ የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን በሳምንት ስንት ጊዜ ተቀምጠው ይመካከራሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ዝምታ ከሆነ የልጃችሁ ውጤት ከምን እንደመጣ ዐውቃችኋል።

ባልደረቦቼ፣ ለእናንተ ያለኝ ቃል የመጨረሻውና ዋነኛው ነው። መመሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ያረማችሁትን ፈተና ይዛችሁ አንድ ባልደረባችሁ ጋ ሂዱ፤ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንድ ክፍለ ጊዜ ግቡና የሌላውን ክፍል ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ እዩ፤ እሱም የእናንተን ይይ። ያላደረጋችሁትን ስብሰባ እንዳደረጋችሁ አስመስላችሁ አትፈርሙ፤ ያ ፊርማ ልጆቹን ያስከፍላል። የዓመቱ ፕሮግራም ሲወጣም ዐይናችሁን ገልጣችሁ እዩት፤ የጋራ ሰዓት የሌለበትን ፕሮግራም አንቀበልም በሉ።